ምንጫችሁን እንዳታስበሉ

ሰነድ ይዞ ወደ ጋዜጠኛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው በተናገረው ነገር አይደለም። በዱካው ነው። በደወለበት ሰዓት፣ ባተመበት ፕሪንተር፣ በከፈተው ኮምፒውተር። ይህን የምጽፈው የመንግሥት ጉዳይ መዘገብ ለጀመራችሁ ነው፤ ጋዜጣ ላይም ሥሩ፣ ሬዲዮ ላይም፣ የራሳችሁን ዩቲዩብ ቻናልም ክፈቱ፣ ነገሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ የጄፍሪ ስተርሊንግን ነገር ልንገራችሁ። የሲአይኤ ሠራተኛ ነበር። ስለ ኢራን የኒውክሌር ፕሮግራም ምስጢር ለጋዜጠኛ ጄምስ ራይዘን ሰጥተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ራይዘን ምንጬን አልናገርም አለ፤ ለዓመታት የፍርድ ቤት መጥሪያ እየላኩ አስጨነቁት፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፣ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም፣ በመጨረሻም መንግሥት ራሱ ተወው። ስተርሊንግስ? እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋተኛ ተብሎ 42 ወር ተፈረደበት። ምንጩ እኔ አይደለሁም ብሎ እስከ መጨረሻው ክዷል። ዐቃቤ ሕጉ በዋናነት ያቀረበው ሁለቱ መቼ እንደተደዋወሉና መቼ ኢሜይል እንደተላላኩ የሚያሳይ ዝርዝር ነበር። ያወሩትን አይደለም። መገናኘታቸውን ብቻ።

ስለዚህ "እኔ አፌን ከዘጋሁ ምንጬ ደህና ነው" የሚለውን እርሱት። ስልካችሁ አፉን አይዘጋም።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ግንኙነት ነው። ያኔ ሰውየው ገና ተናድዷል፣ ቸኩሏል፣ ጥንቃቄ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። በእጁ ባገኘው ስልክ ይደውላል። እኛ አገር ደግሞ ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው፤ ማን ለማን መቼ እንደደወለ ቴሌ ጋ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው ሪፖርት ላይ፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ የገዛ ራሳቸውን የስልክ ንግግር ያሰሟቸው ሰዎች ቃል አለ።

አንድ ጊዜ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከጠረጴዛው ላይ፣ በቢሮው ስልክ ደወለልኝ። ወሬው ትልቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁት። በመጀመሪያዋ ደቂቃ "ይዝጉት፣ በሌላ መንገድ እንገናኝ" ማለት ነበረብኝ። ዘገባው ሳይወጣ ሰውዬው ከቦታው ተነሣ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው። ሰዎች እንዴት እንደሚያገኙኝ አስቀድሜ በአደባባይ እጽፋለሁ። ሲግናል በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ ስልክ ቁጥርን ደብቆ በመጠሪያ ስም ብቻ መገናኘት ይቻላል፤ ያችን ስም ፌስቡክ ገጻችሁ ላይም፣ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይም ለጥፏት። ከሥሯ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ከቢሮ ኮምፒውተር፣ ከቢሮ ስልክና ከቢሮ ዋይፋይ አትጻፉልኝ።" ይህቺ መስመር ከየትኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ሰው ታድናለች ብዬ አምናለሁ። መልእክቶቹ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸውን እንዲያጠፉም ከመጀመሪያው አስተካክሉ።

አስቀድማችሁ ተዘጋጁ ስል በምክንያት ነው። የአሜሪካን መንግሥት የስለላ ምስጢር ያወጣው ኤድዋርድ ስኖደን እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ መጀመሪያ የጻፈው ለጋዜጠኛው ግሌን ግሪንዋልድ ነበር። መልእክት የሚመሰጥር ፕሮግራም ጫንና እናውራ አለው። ግሪንዋልድ ሥራ በዝቶበት ነገ ዛሬ እያለ ቆየ። ስኖደን ይህን ወደምታውቀው ወደ ፊልም ሠሪዋ ሎራ ፖይትራስ ዞረ። ግሪንዋልድ በኋላ በእሷ በኩል ገባበት እንጂ ያን ሁሉ ታሪክ ሊያጣው ነበር።

ስለ ቴሌግራም ግልጽ ልሁን፣ ምክንያቱም ሁላችንም እዚያ ነን። ተራው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኩባንያው እንኳ የማያነበው አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው ለብቻው የሚከፈተው የምስጢር ቻት ብቻ ነው፤ ግሩፕ ደግሞ በጭራሽ። ዋትሳፕ ንግግሩን ይመሰጥራል፣ ግን ቻቱ ጉግል ድራይቭ ወይም አይክላውድ ላይ ባክአፕ የሚደረግ ከሆነ የባክአፑን ምስጠራ ራሳችሁ ካልከፈታችሁት ትርፉ ድካም ነው።

በአካል መገናኘት አሁንም ከሁሉ ይሻላል። ስልኮቹ ግን ቤት ይቅሩ፣ የሁለታችሁም፣ እንደበሩ። ካፌው በር ላይ ደርሶ ማጥፋት አይጠቅምም። ሁለት ስልክ አንድ ሰፈር፣ አንድ ሰዓት ላይ አብሮ ሲጠፋ እሱም ዱካ ነው።

ቀጥሎ ፋይል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ላይ ውጭ አገር የሚሠሩ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው። በስካይፕ የመጣላቸው ፋይል ለጣቢያው የተላከ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ የላከውም አካውንት ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ስም የያዘ ነው። ውስጡ ግን የይለፍ ቃልና ፋይል የሚሰርቅ፣ የስካይፕ ንግግር የሚቀዳ ሰላይ ሶፍትዌር ነበር። ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ የምርምር ተቋም መርምሮ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሥራ ነው አለ። ሜሪላንድ የሚኖር በፍርድ ቤት "ኪዳኔ" በሚል የተሸሸገ ስም የሚጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊም ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባለው ሰላይ ሶፍትዌር ተገኝቶበት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ አይከሰስም ብሎ ዘጋበት። አሜሪካ ነኝ ብሎ መዝናናት እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ምን ይናገራል?

እናም የማታውቁት ፋይል ሲመጣ፣ የምታውቁት ሰው ቢልከውም፣ አትክፈቱ። በሌላ መንገድ ደውላችሁ "አንተ ነህ የላክኸው?" በሉ። ኮምፒውተራችሁ የፋይሉን ሙሉ ስም ከነመጨረሻው እንዲያሳይ አድርጉ፤ የዎርድ ምልክት ለብሶ መጨረሻው ላይ ".exe" (ኢኤክስኢ) ካለ ጽሑፍ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። አጠራጣሪ ሰነድ የምትከፍቱበት ሌላ አሮጌ ላፕቶፕ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው፤ ኢንተርኔት የማይነካው፣ ኢሜይላችሁም ፎቶአችሁም የሌለበት። ስልካችሁንና ኮምፒውተራችሁን ደግሞ ከራሱ ከሲስተሙ ውስጥ ብቻ አፕዴት አድርጉ። ቪዲዮ ለማየት ይህን አፕዴት ጫኑ የሚል ሊንክ ከመጣ ዝጉት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሰላይ ሶፍትዌር ጉዳይ ውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎች የተጠመዱት በዚሁ ዓይነት የሐሰት የፍላሽ አፕዴት ነበር።

አሁን ሰነዱ እጃችሁ ገብቷል እንበል። ብዙ ጋዜጠኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ትልልቆቹም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሪያሊቲ ዊነር የተባለች የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ሩሲያ የምርጫ ሥርዓቱን ለመሰርሰር ስላደረገችው ሙከራ የሚያወራ ሰነድ ዘ ኢንተርሴፕት ለተባለው የዜና ድረ ገጽ በፖስታ ላከች። ዘጋቢዎቹ እውነት መሆኑን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት አሳዩ። ወረቀቱ ላይ የመታጠፍ ምልክት ነበር። ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ተይዞ ወጥቷል ማለት ነው። ማን አተመው ተብሎ ሲታይ ስድስት ሰዎች ተገኙ። ከስድስቱ አንዷ ከሥራ ኮምፒውተሯ ለዚያው ሚዲያ ኢሜይል ጽፋ ታውቃለች። በቃ፣ አለቀ። ዘገባው ሳይወጣ ተያዘች፤ አምስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባት። በኋላ ሚዲያው ይፋ ባወጣው ቅጂ ላይም የቀለም ፕሪንተሮች በድብቅ የሚረጯቸው፣ የታተመበትን ቀንና ሰዓት የሚናገሩ ጥቃቅን ቢጫ ነጥቦች ተገኙ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያመመኝ የልጅቷ ስህተት አይደለም። መጠንቀቅ ያለበት ሙያው የሆነው ሰው ነው።

ሰነዱን ለማንም እንዳለ አታሳዩ። ለማጣራት ስትደውሉ ይዘቱን በራሳችሁ ቃል ጠይቁ። ዘገባው ላይ ፎቶውን ወይም ስካኑን አትለጥፉ፤ የሚያስፈልገውን ቁጥርና ዐረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት። ቃል በቃል ከመጥቀሳችሁም በፊት አስቡ፣ ምክንያቱም አንዳንድ አለቃ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ወይም አንድ ነጠላ ሰረዝ የተለየ ቅጂ ይሰጣል። ከሁሉ በፊት ምንጩን ይህን ጠይቁት፦ "ይህን ወረቀት ከእርስዎ ሌላ ስንት ሰው ያውቀዋል?" መልሱ ሦስት ከሆነ ቆም በሉ። ሌላ ማስረጃ ፈልጉ፣ ወሬውን ከሌላ በር እንደገና አግኙት፣ ሳምንታት ይውሰድ። ሰበር ዜናው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ያምልጥ።

ፎቶ ከሆነ የተነሣበት ቦታና ሰዓት ውስጡ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ስክሪንሾቱን ተጠቀሙ። የዎርድ ፋይልም የጻፈውን ሰው ስም በሆዱ ይይዛል።

አንድ ሌላ ነገር፣ የዞን 9 ጦማርያን ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው በሽብር ሲከሰሱ፣ ክሱ ውስጥ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ነበር። በመጨረሻ ነፃ ወጥተዋል፤ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው። ስለዚህ ብርቅ የሆነ መሣሪያ አትሰብስቡ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ተራ ነገር ያዙና በደንብ መጠቀም ልመዱ። የስልካችሁን መክፈቻ ከጣት አሻራ ወደ ረጅም ቁጥር ቀይሩት፤ ጣታችሁን ይዞ መጫን ቀላል ነው።

ምንጩን ምን ልበለው ለምትሉ፣ እውነቱን። "ምንም አይደርስብህም" አትበሉ፣ አታውቁትም። እኛ አገር በ2003 ዓ.ም. የወጣ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 አለ፤ የተጻፈው ግን ለፍትሕ አካላት ጥቆማ ለሚሰጥ ሰው ነው፣ ለጋዜጠኛ ለሚሰጥ አይደለም። ቃሉ ራሱ ይከብደኛል። ጠቋሚ ስንባል ጆሮ ጠቢ ነው ትዝ የሚለን። የሕዝብ ገንዘብ ሲዘረፍ አይቶ እንቅልፍ ያጣውን ሰው በዚያው ስም እንጠራዋለን። በአክብሮት አናግሩት፣ ምን ሊያጣ እንደሚችል ዘርዝራችሁ ንገሩት፣ ልቡ ከፈራ "ይቅርብዎት" ለማለት ድፍረቱ ይኑራችሁ።

ዘገባው ሲወጣ አትደውሉለት። ማመስገኛም አትላኩ። መቼና እንዴት እንደምትገናኙ ከመውጣቱ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ እስከዚያው እሱም ሊንኩን ላይክ አያድርግ፣ ለማንም አያጋራ፣ ቢሮ ውስጥ ሲወራ ከሌላው ሰው በላይም በታችም አይገረም። አንድ የጠበቃ ስልክ ደግሞ በቃሉ ይያዝ። ስልኩ ላይ አይደለም፣ በቃሉ፤ ሲያዝ መጀመሪያ የሚወሰደው ስልኩ ነውና።