የደሴን መስከረምና ጥቅምት ስንቀበል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ተገፎ አደዩ ሲፈነዳ እንደ ደሴ የሚያምር ከተማ አላውቅም። ግን ይህን ወቅት ብዙዎቻችን በስህተት እንቀበለዋለን። ክረምቱ በአንድ ቀን ተጠናቆ የሚያልቅ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻም አየሩ አንድ ዓይነት ይመስለናል።

ክረምቱን በእንቁጣጣሽ መሸኘት

በአባቶች ቆጠራ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ መጸው የሚገባው በማግስቱ። እስከዚያ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚወርድ ዝናብ ደሴ ላይ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ አጥቦ ማስጣት ትርፉ ሳይደርቅ መሽተት ነው። ለእሱ የጥቅምት ፀሐይ ይጠበቅ፤ ጃንጥላውም በር ላይ ይቆይ።

አደይን ከነሥሩ መንቀል

አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል አበባ ነው። ዘሩን ሳይጥል የተነቀለበት ሜዳ ለከርሞ ቢጫ አይለብስም። ልጆች ለአበባየሆሽ ሲለቅሙ ግንዱን ብቻ እንዲቆርጡና ከአንድ ቦታ ጠርገው እንዳይወስዱ እንንገራቸው።

ፀሐዩን አይቶ ብርዱን መርሳት

በክረምት ደመናው የምድሩን ሙቀት ሌሊት ይዞ ያቆየዋል። ጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል፤ ስለዚህ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ፣ ሌሊቱ ደግሞ አጥንት ሰርሳሪ ይሆናል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። በሸሚዝ ወጥቶ የዋለ ሰው ማታ ጋቢ ማማሩ አይቀርም።

እዚህ ላይ ሕይወት የሚቀጥፍ ስህተት አለ፦ ከሰል ያቀጣጠለ ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት። ብዙ ሰው «ጭሱ ጠፍቷል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ይተማመናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን ከፍሙም ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ቡናው ከፈላ፣ በረካውም ከተጠጣ በኋላ ምድጃው ከቤት ይውጣ። ብርዱን በሌላ ብርድ ልብስ መመከት ይቻላል። እባካችሁ ይህን ለእናቶቻችንና ተከራይተው ለብቻቸው ለሚኖሩ ተማሪዎች ንገሩ።

ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ ዓይን ማየት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታው በ100 ሜትር ሲቀንስ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያገኛል። ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለዚህ ነው። ይህ ከወቅቱ ጸጋዎች አንዱ ነው፤ ጠዋት ደጋ፣ ቀትር ላይ ወይና ደጋ።

ችግሩ ከሙቀቱ ጋር ወባም መኖሩ ነው። ዝናቡ ሲቆም የቀረው ኩሬ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑ ብዙ አካባቢዎችም ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ደሴ ያደገ ሰው አጎበር አልለመደም። ኮምቦልቻ ወይም ሐርቡ ዘመድ ጠይቆ ያድራል፣ ይመለሳል። ትኩሳቱ የሚነሣው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ «የጥቅምት ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል እየጠጣ ይተኛል። ወደ ሞቃቱ አካባቢ ወርዳችሁ ካደራችሁ አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ብርድ ብርድ ካላችሁና ራሳችሁን ካመማችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ የት እንዳደራችሁም ለባለሙያው ሳትጠየቁ ንገሩ።

የቆየ በቆሎ እሸት መግዛት

በቆሎ ከአገዳው ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች ይለወጣል። ቅጠሉ ያልተገፈፈ፣ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚያወጣ ምረጡ፤ በዚያው ቀን ይጠበስ። በለስም ቢጣፍጥ በልክ ይሁን፣ በውስጡ ያሉት ጠንካራ ፍሬዎች ሆድ ያደርቃሉ።

ኅዳር 12 ያገኙትን ሁሉ ማቃጠል

ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ (የስፔን ጉንፋን) ጋር የተያያዘ ነው። ግቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። ፕላስቲክ፣ ጎማና የጫማ ሶል ማቃጠል ግን ለሳንባ መርዝ መልቀቅ ነው። የሚቃጠለው ደረቅ ቅጠልና አረም ብቻ ይሁን፤ ፕላስቲኩን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረክቡ። አስም ያለበት ጎረቤት ካለም እሳቱ ሳይለኮስ ይነገረው፣ መስኮቱን እንዲዘጋ።