ከሃይኪንግ ቡድን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ስትወጡ፦ ከምዝገባ እስከ መመለሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጡ ቡድኖች በዝተዋል። ብዙዎቹ ጉዞውን በቴሌግራም ያስታውቃሉ፣ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ንጋት ላይ በኮስተር ይዘው ይወጣሉ። ይህ ጽሑፍ አብሯቸው ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ምሳሌ የማደርገው ወጨጫን ነው፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ መናገሻ ሱባ ደንን በጎኑ የያዘ፣ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ።

1. ሳትከፍሉ ጠይቁ

ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ምሳ ይጨምራል?» ብሎ ነው። እሱም ይጠየቅ። ግን ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው፣ የመመለሻ ሰዓቱስ ስንት ነው የሚሉት ይቅደሙ። የቡድኑን ጥንካሬ የሚያሳየው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «ጫፍ ስንደርስ እንመለሳለን» የሚል አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ቡድን ፈልጉ። ደህና አስተባባሪ ሰዓት ይጠራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ቢታይም ይመልሳችኋል።

የነገሯችሁን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ሽቅቡ ሌላ 1 ሰዓት። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ እንግዲህ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ይሄ ግን ሳያርፍ የሚሄድ የጠንካራ ሰው ሰዓት ነው። ሠላሳ ሰው፣ ምሳና ፎቶ ሲጨመርበት እኔ ግማሹን እደምርበታለሁ፤ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መራመድ የጀመረ ቡድን 10 ሰዓት ገደማ መኪናው ጋ ይደርሳል። በ5 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ግን 12 ሰዓት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ጊዜ አይሰጥም።

2. ጫማውን ቀድማችሁ ፈትኑ

አዲስ ጫማ ለተራራ ቀን አይመረቅም። ከሳምንት በፊት እንጦጦን ሁለት ሦስት ሰዓት ተራመዱበት፤ ሳንባችሁንም በዚያው ታዩታላችሁ። ሶሉ የተበላ ስኒከር ሽቅቡ ላይ ችግር የለውም፤ ቁልቁለቱ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው። ሲወርዱ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እንዳይጋጭ ትንሽ ክፍተት ይኑረው። ጥፍራችሁንም ከዋዜማው ቁረጡ።

ልብስ ደራርቡ እንጂ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የወጨጫ ጫፍ ከመሀል ከተማው ወደ 1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ነፋሱ ለብቻው ነው። በላብ የራሰ ቲሸርት ይዞ እዚያ መቀመጥ ያንቀጠቅጣል። መቀየሪያ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ፌስታሉ በኋላ ለቆሻሻ ይሆናል።

3. ስንቅ

ውኃ ቢያንስ 2 ሊትር፤ አንዱን ትልቅ ሃይላንድ ሞልታችሁ አንድ ትንሽ መጨመር ነው። ከምንጭ እጠጣለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ምግቡን አያቶቻችን ጨርሰውልናል፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቆሎ። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ሆድ ይይዛል። በፆም ቀን ጭኮውን በዘይት አስለውሱት። ሃያ ሰው የሚያበላ ድግስ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ግን ለማንም አይመከርም።

4. ሰዓት ይከበር

«12 ሰዓት እንነሳለን» ከተባለ 12 ሰዓት ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። አንድ ሰው ያስዘገየው ግማሽ ሰዓት የሚቀነሰው ከመመለሻው ላይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ተናገሩ።

5. አረማመዱ

ጀማሪ የሚደክመው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ነው፤ ጉልበት አለኝ ብሎ ሲሮጥ። ሳያለከልኩ ማውራት የምትችሉበት ፍጥነት ይበቃል።

በደንብ የተደራጀ ቡድን ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደግሞ ዘጊ አለው። መሪውን አትቅደሙ፣ ከዘጊው ኋላ አትቅሩ። ለሽንት ገለል ስትሉ ለዘጊው ነግራችሁ ሂዱ፤ ቦርሳችሁን መንገዱ ዳር ብትተዉለት ደግሞ የት እንደገባችሁ ያውቃል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሁሉም እስኪደርስ ይቆማል፣ ይቆጠራል።

አንድ በብዙ ቡድን የማየው ክፉ ልማድ አለ። ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሱና ቁጭ ይላሉ። አሥር ደቂቃ አርፈው፣ በሶአቸውን በጥብጠው ጠጥተው፣ የመጨረሻዋ ልጅ እያለከለከች ብቅ ስትል «አሁን ሁሉም ደረሰ፣ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። ማረፍ ያስፈለጋት እሷ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ሳትቀመጥ ትውላለች። እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መሪው ይህን ካላደረገ እናንተ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ጫማ ውስጥ የሆነ ቦታ ሲግላችሁ «በኋላ አየዋለሁ» አትበሉ። ወዲያው ቁሙ፣ ካልሲውን አውልቁ፣ አድርቁት፣ የቀላው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተር ብዙ አያግዝም።

6. ደኑና ባለአገሩ

አስጎብኚዎች የመናገሻን ጽድ እያሳዩ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚባለውን ይነግሯችኋል። ስለዚህ ዱላ ከፈለጋችሁ ከከተማ ይዛችሁ ኑ፤ ከደኑ አትቁረጡ፣ እሳትም አታንድዱ።

ከደኑ ውጭ መንገዱ በማሳ ዳር ያልፋል። እህል ላይ አትርገጡ፤ ፎቶ ልታነሱ ስትሉ ባለቤቱን አስፈቅዱ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ የሚያልፍ ሰው ፊቱ ይበራለታል። ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፤ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

7. ቁልቁለቱ

ጉልበት የሚጎዳው፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው ሲወርዱ ነው። አጭር አጭር ርምጃ፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ። ሰው ከተጎዳ ብቻውን አይተውም፤ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለት ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ይሄዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንስ ግን ዳገት አይወጣም፣ ጉዳተኛውን መኪና መንገድ ድረስ ማውረድ የቡድኑ ሥራ ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት በስም ይጠራ።

ከወጨጫ በኋላ የረር ወይም ዝቋላ ጥሩ ተከታይ ናቸው፤ ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም አለው። ራስ ዳሸን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 4,533 ሜትር ላይ ከፍታው ራሱ ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ያለ ስካውት (የፓርኩ የታጠቀ ጠባቂ) መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ወደዚያ የሚወስዳችሁን ቡድን በመጀመሪያ ጠይቁት፦ ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ስንት ሌሊት መድባችኋል?