«ትሩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰዋለን?

ሐዋሳ መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። አንድ ቀን ለሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ የእንግሊዝኛ መመሪያ ስተረጉምለት «ጎማውን እውነተኛ አድርገው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰጠሁት። «እስካሁን ውሸታም ነበር እንዴ?» አለኝና እየተወዛወዘ የሚሽከረከረውን ቸርኬ አሳየኝ። መመሪያው ያለው «ቸርኬውን አቅናው» ነበር። «ትሩ» ግስ ሆኖ ሲመጣ የተጣመመን ማቃናት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ወደ «እውነት» ከመሮጡ በፊት የምከተለው መንገድ አለኝ።

መጀመሪያ ቃሉ ከምን ጎን እንደተቀመጠ እዩ። ከወሬ፣ ከታሪክ ወይም ከምስክርነት ጎን ከሆነ አትጨነቁ፤ እውነት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «እውነት ወይም ሐሰት በሉ» የሚለውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ተቃራኒውን ጠይቁ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ስለ ጓደኛ ሲነገር ተቃራኒው ሐሰት ሳይሆን ከሃዲ ነው፤ ስለዚህ «የልብ ወዳጅ» ወይም «የቁርጥ ቀን ጓደኛ» በሉት። ስለ ሰነድ ቅጂ ከሆነ ተቃራኒው ከዋናው ጋር የማይመሳከር ነው፤ «ትክክለኛ ግልባጭ» ይሆናል። ስለ ወራሽ ከሆነ «ሕጋዊ»፣ ስለ ግድግዳ ከሆነ «ቀጥ ያለ» ይሻላል። አቅጣጫ ሲሆን ትንሽ ያስቸግራል። የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው መግነጢሳዊውን ሰሜን ሲሆን፣ መሬት የምትዞርበት ዘንግ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እንግሊዝኛው «ትሩ» የሚለው ይህንን ሁለተኛውን ነው። መርፌው ስላልዋሸ እኔ «መልክዐ ምድራዊ ሰሜን» እላለሁ።

ይህ ሁሉ ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ መታጨቁ የሚገርማችሁ ከሆነ፣ ሥሩን ማወቅ ይረዳል። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ታማኝ» ማለት ነበር፤ ከነገር ጋር መስማማትን የያዘው በኋላ ነው። ዛሬ እምነትን የሚያመለክተው «ትረስት» እና የተኩስ አቁም ስምምነት የሚባለው «ትሩስ» ዘመዶቹ ናቸው። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በግእዝ «አማን» እውነት ነው፤ «አመነ»፣ «እምነት» እና «ታማኝ» ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። «ቀና» የሚለው ቃላችንም ለመንገድም ለሰውም ያገለግላል። እንግዲህ ለጠጋኙ የሰጠሁት ትርጉም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ሦስተኛው፣ ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ለብቻው አትፍቱት። ህልም ሲሆን «ሰመረ» ወይም «እውን ሆነ» ነው። ቃሉን የጠበቀ ሰው «ቃሉን የማያጥፍ» ነው። በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ብቻውን ቆሞ ኋላ «ግን» ከተከተለው «እርግጥ ነው» በሉና እለፉ። አንድ ነገር ለሌላም እንደሚሆን ሲነገር ደግሞ «ለሐዋሳ የሠራው ለአዳማም ይሠራል» እንላለን፤ «እውነት» የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የእኔ አድማጭ ያው ጠጋኙ ነው። በቅርቡ ስለ ሰው አካል የሚያወራ ጽሑፍ ስተረጉም፣ ከ12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶች የላይኞቹ 7 ጥንዶች «እውነተኛ ጎድኖች» ይባላሉ ብዬ አነበብኩለት። ፓምፑን አስቀምጦ ከወገቡ በላይ ያለውን ጎኑን ዳሰሰና «የታችኞቹ የማን ናቸው?» አለኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ «በየራሳቸው ልም (ለስላሳ) አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በቀጥታ የተያያዙ» ብዬ አረምኩት።