ከሀዋሳ እስከ ሀገረ ሰላም በብስክሌት፦ አወጣጡና አወራረዱ

ሀዋሳ ለጥ ያለች ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር ብስክሌት እየነዳ ያደገ ሰው እግሩ ቢጠነክርም ፍሬን አያያዝ አይማርም፤ የሚያስተምረው ቁልቁለት በከተማው የለምና። እኔም የመጀመሪያውን የተራራ ጉዞዬን የጀመርኩት በዚሁ ሁኔታ ነበር። ዳገቱን እያሰብኩ ሳምንታት ስዘጋጅ ስለ ቁልቁለቱ አንዲት ሰዓት እንኳ አላሰብኩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ሌላውን ሁሉ በአጭሩ አልፌ አወራረዱን በዝርዝር እናገራለሁ።

መንገዱና ወቅቱ

ጉዞው ከሀዋሳ ወደ ደቡብ ይነሣና በይርጋለምና በአለታ ወንዶ አድርጎ በሁላ ወረዳ ወደምትገኘው ሀገረ ሰላም ይወጣል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ይርጋለም ከእርሷ እምብዛም አትበልጥም፤ አለታ ወንዶ ከ2,000 ሜትር፣ ሀገረ ሰላም ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው። እስከ ይርጋለም ያለው መንገድ እንግዲህ በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ጊዳቦ ወንዝ የሚወርዱት ወንዞች ምድሩን ስለ ሸነሸኑት የወጡትን እየወረዱ፣ የወረዱትን መልሰው እየወጡ ነው የሚደርሱት። የመጀመሪያውን ሌሊት አለታ ወንዶ፣ ሁለተኛውን ሀገረ ሰላም አድሮ በሦስተኛው ቀን መመለስ ለጀማሪ የሚመጥን ክፍፍል ነው። ይህ ከበዛበት አንድ ቀን ወንዶ ገነት ደርሶ በፍል ውኃው ታጥቦ መመለስ ጥሩ መሞከሪያ ይሆናል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅ በመሆኑ ይመረጣል። ቡና የሚለቀምበትም ወቅት ስለሆነ ቀዩ ፍሬ በየማድረቂያ አልጋው ላይ ሲሰጣ እያዩ ማለፍ ያስደስታል፤ በአንጻሩ ቡና የጫኑ መኪኖች ስለሚበዙ ከመንገዱ ቀኝ ጠርዝ አለመራቅ ያስፈልጋል። ከመነሣትዎ አስቀድሞ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ።

ብስክሌቱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። እኔ ከአሉሚኒየም ይልቅ የብረት ሻሲ ያለውን እመርጣለሁ፤ የብረቱ ቢሰነጠቅ በየትኛውም ትንሽ ከተማ ያለ በያጅ ይበይደዋል፣ አሉሚኒየም ግን ልዩ ብየዳ ይፈልጋል። ቫልቮላውም እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነው ይሁን፤ ቀጭኑን የሚነፋ ጎሚስታ በገጠር ማግኘት ከባድ ነው። ማርሹን ለመመርመር ጥርሶቹን መቁጠር ይበቃል፦ ከፊት ያለው ትንሹ ማርሽ ከኋላ ካለው ትልቁ ጋር እኩል ወይም ከእርሱ ያነሰ ጥርስ ካለው፣ ዳገቱን ሳይወርዱ የመውጣት ዕድል ይኖርዎታል።

ጭነትዎን ጀርባዎ ላይ ሳይሆን ከኋላው መጫኛ ላይ ዝቅ አድርገው ይሰሩት። ልብሱን በፌስታል ከጠቀለሉ በኋላ ማዳበሪያ ውስጥ አስገብቶ፣ በረጅሙ በተቀደደ አሮጌ ከመነዳሪ ጠፍሮ ማሰርን የመሰለ የለም፤ በገበያ ከሚሸጡት ባለ መንጠቆ ላስቲኮች ይልቅ እርሱ አጥብቆ ይይዛል። ሁለት አዲስ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የእጅ መንፊያ፣ ለጎማው ዳዶ የሚሆን ቁልፍና ተጨማሪ የፍሬን ገመድ ይያዙ። መንፊያውን ጎሚስታ አለ ብሎ ቤት መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጎማ የሚተነፍሰው ጎሚስታ በሌለበት ነውና።

ዳገቱ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀንሱ፤ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ሳለ የሚቀየር ማርሽ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ፍጥነትዎ ልክ መሆኑን ማወቂያው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር መቻል ነው። መናገር ካቃተዎት ቀስ ይበሉ፤ ወርዶ መግፋትም የሚያሳፍር አይደለም።

ሳይርብዎት ይብሉ፤ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ከመንገድ አይጠፉም። ማታ ደግሞ በቅቤ የተለወሰ ቡርሳሜ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ፤ የእንሰት ምግብ ለማግስቱ ዳገት ስንቅ ይሆናል። የምንጭ ውኃ አፍልተው ይጠጡ። በሀገረ ሰላም ከፍታ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። በየመንደሩ ሲያልፉ በሲዳምኛ «ኬሬ» ብሎ ሰላምታ ማቅረብ አይርሱ፤ ብስክሌቱን ተከትለው የሚሮጡ ልጆችም ሰላምታ ሲመለስላቸው ደስ ይላቸዋል።

ቁልቁለቱ

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከሀገረ ሰላም ስነሣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ፈርቼ ስለነበር ሁለቱንም ፍሬኖች ከመጀመሪያው ኩርባ አንሥቶ ጨብጬ፣ ለአፍታ እንኳ ሳልለቅ፣ በዝግታ ወረድኩ። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳልርቅ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ከፊቴ የሄደው መኪና ነው ብዬ ቀጠልኩ። ወዲያው ከኋላ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ተሰማኝ፣ የብስክሌቱ ኋላ ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ፣ እኔም ጠጠሩ ላይ ተዘርሬ መዳፌና ጉልበቴ ተላጠ። ምን እንደሆነ ለማየት የፍሬኑ ጎማ የሚጨብጠውን ቸርኬ ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ከእንሰት ጓሯቸው የወጡ አንድ ሽማግሌ በጀሪካን ውኃ ይዘው መጥተው ቁስሌን አጠቡልኝና፣ «ልጄ፣ መኪኖቹም እኮ እዚህ እየቆሙ ነው የሚያበርዱት፤ አንተ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። «አልቸኮልኩም አባባ፣ ቀስ ብዬ ነበር» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመነዳሪውን ሳወጣው በዋዜማው የተለጠፈው መለጠፊያ ተላቆ ተንጠልጥሏል። የለጠፈው ሰው ጥፋት አልነበረም፤ ማስቲሹን ያላቀቀው የቸርኬው ግለት ነው። ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ሰው፣ ብስክሌትና ጭነት ተደምረው 95 ኪሎ ቢመዝኑና ከሀገረ ሰላም ወደ ይርጋለም 1,000 ሜትር ገደማ ቢወርዱ፣ የሚለቀቀው ኃይል 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ያ ኃይል መሄጃው ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ነፋሱን በመግፋት ያልቃል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ግለት ሆኖ ይቀራል። በዝግታ የሚወርድ ሰው ነፋስ ስለማይገፋ ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። የእኔም ዝግታ ቸርኬዬን እንደ ምጣድ አጋለው።

ስለዚህ አወራረዱ እንዲህ ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ በሚታይበትና ሰውም ከብትም በሌለበት ቦታ ፍሬኑን ፈጽሞ ይልቀቁና ጀርባዎን ቀና አድርገው ደረትዎን ለነፋሱ ይስጡ፤ ቀና ያለ ደረት ራሱ ፍሬን ነው፣ አይግልም፣ አያልቅምም። ወደ ኩርባው ሲቃረቡ፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠበቅ አድርገው ለአጭር ጊዜ በመያዝ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ከዚያም ለቀው ይታጠፉ። ኩርባው መካከል ገብቶ የፊቱን ፍሬን በድንገት መጨበጥ ጎማውን ከሥር ያንሸራትታል። በደረቅ አስፋልት አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ምክንያቱም ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። በጠጠርና በጭቃ ላይ ግን ወደ ኋላው ማመዘን ይገባል። ርቀቱ ከማይታይበት ጉም ውስጥ ከሆኑ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እስኪገፈፍ ሻይ ጠጥቶ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

በየ10 ደቂቃው ይቁሙ። ከኮዳዎ ጥቂት የውኃ ጠብታ ቸርኬው ላይ ጣል ያድርጉ፤ «ጭስ» ብሎ ከተነነ ጠብታው ዝም ብሎ እስኪንከባለል ድረስ አይነሡ። ቸርኬው የረጠበ እንደሆነ ደግሞ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውኃውን ጠርጎ ነው መያዝ የሚጀምረው፤ ስለዚህ በዝናብ ከወትሮው ቀድሞ በቀስታ መንካት ያስፈልጋል። በዲስክ ፍሬንም ቢሆን ብልሃቱ ያው ነው፤ ከመነዳሪው ከግለቱ ቢድንም፣ የጋለ ዲስክ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ከመውረድ በፊት የሚደረገው ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ የፍሬን ጎማው ውፍረት፣ ገመዱ ከመያዣው ሥር አለመመለጡ፣ የጎማዎቹ ዳዶ መጥበቁ። ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግም ሚዛን ይሰጣል።

አንድ ነገር ስለ ከብቶች ልጨምር። ላም መንገድ ስታቋርጥ ካዩ «አለፈች» ብለው አይልቀቁት፤ ጥጃዋ ከኋላ አለ፣ እናቱንም ተከትሎ በድንገት ይሮጣል። በገበያ ቀን ደግሞ አህዮችና ጋሪዎች መንገዱን ስለሚሞሉት ያን ቀን ለዕረፍት ማዋል ይሻላል።

ሀዋሳ ሲመለሱ

ሰንሰለቱን ጠርገው ዘይት ይቀቡ። የፍሬኑን ጎማዎች አውጥተው ይዩአቸው፤ ፊታቸው እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ በግለት ደርቀዋልና በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጓቸው፣ ከሳሱም ይቀይሯቸው። ዓይነታቸው ብዙ ስለሆነ ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌውን ለናሙና ይዘው ይሂዱ። በጉዞው ላይ የተለጠፈ ከመነዳሪ ካለም ለከተማው ሜዳ ያቆዩትና ለሚቀጥለው ተራራ አዲስ ያስገቡ።