«ፋይሌ ጠፋ!» ከማለታችሁ በፊት፦ መስኮትና ዴስክቶፕ ስንቀያይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ወንበር አይገኝም። አንዱ ሪሰርቼን አስተካክሉልኝ ይላል፣ ሌላዋ ማውጫ አውጡልኝ ትላለች፣ በር ላይ ደግሞ ሲቪ የሚያስጽፍ ይጠብቃል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሃያ መስኮት ይከፈታል። ያኔ ጊዜያችንን የሚበላው ጽሑፉ ሳይሆን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መመላለሱ ነው። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ፣ ማለትም በአንድ ስክሪን ላይ ብዙ የሥራ ገጽ መክፈት፣ ለዚህ በጣም ይረዳል። በትክክል ካልተጠቀምንበት ግን ግርግሩን ያባብሰዋል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። በብዛት የማወራው ስለ ዊንዶውስ 11 ነው።

ትልቁ ስህተት ዴስክቶፕን በፕሮግራም መከፋፈል ነው። ዎርዱ አንድ ዴስክቶፕ ላይ፣ ኤክሴሉ ሌላው ላይ፣ ክሮሙ ሦስተኛው ላይ። ሲያዩት ሥርዓት ይመስላል። የአንዲት ተማሪ ሥራ ግን ዎርዱንም፣ የኤክሴል ሰንጠረዡንም፣ የዲፓርትመንቱን መመሪያ ፒዲኤፍም አንድ ላይ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ቦታ መመላለስ ይመጣል። ቡና ስናፈላ ጀበናው፣ ሲኒውና ከሰሉ አንድ ቦታ ነው የሚቀርቡት። ጀበናው ሳሎን፣ ሲኒው መኝታ ቤት፣ ከሰሉ ጓሮ ቢሆን ቡናው መቼ ይደርሳል?

ስለዚህ በሥራ ክፈሉት። አንድ ደንበኛ፣ አንድ ዴስክቶፕ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ በካሊፎርኒያው ዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል «ሩምስ» የሚባል ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ ክፍሎች ማለት ነው። መነሻቸው ሰው መስኮቶችን የሚጠቀመው እንደ ሥራው በቡድን በቡድን ነው የሚል ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ክፍል ይኑረው አሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። አንድ ጊዜ የአንዱን ተማሪ ምዕራፍ በሌላው ሥራ መሀል አተምኩት። ሁለቱም ዎርዶች አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ፣ የሁለቱም ፋይል ስም «ፋይናል» ነበር። ልጁ ሳይጠረዝ ስላየው ተረፍን። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የዲ (D) ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኜ አዲስ ዴስክቶፕ እከፍታለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ዊንዶውስና ኮንትሮልን ይዤ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት እነካለሁ።

ስም አለመስጠትም ሌላው ችግር ነው። ዴስክቶፕ 1፣ ዴስክቶፕ 2 ለማንም ምንም አይነግርም። ዊንዶውስና ታብ ስትጫኑ ሁሉም ተደርድረው ይታያሉ፤ በቀኝ ክሊክ ስም መቀየር ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ የተለየ የጀርባ ፎቶም ይቻላል። እኔ ለአንዱ ሐይቁን፣ ለአንዱ ታቦር ተራራን አድርጌያለሁ። ሳላነብ የት እንዳለሁ አውቃለሁ። ከአራት በላይ ግን አልከፍትም፤ ከዚያ ካለፈ የቱ የማን እንደሆነ ይምታታብኛል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴስክቶፖቹ ከነስማቸው ይመለሳሉ፣ በውስጣቸው የነበሩት ፕሮግራሞች ግን አብረው አይከፈቱም። ሴቭ ማድረግን ምንም አይተካውም።

አሁን ወደ «ፋይሌ ጠፋ» ልምጣ። አንዲት ተማሪ እኛ ጋ ቁጭ ብላ ትሠራ ነበር። ሳታውቀው ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ተሻገረች። ከታች፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች በሚደረደሩበት ታስክ ባር ላይ ዎርዷ የለም። ደንግጣ ከፍላሽዋ ላይ አሮጌውን ኮፒ ከፈተችና አንድ ሰዓት ሙሉ እሱ ላይ ሠራች። በኋላ «ጋሼ፣ አድቫይዘሬ ያረመው ሁሉ የለም!» ብላ ጠራችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ አለ» ብዬ አንድ ቀስት ነካሁላት። አዲሱ ፋይል ጎን ያለው ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን ማዋሃድ ግን ምሽቱን ፈጀ።

ዊንዶውስ 11 ካልነካችሁት ታስክ ባሩም ሆነ መስኮት የምንቀያይርባቸው አልትና ታብ ቁልፎች የሚያሳዩት ያላችሁበትን ዴስክቶፕ መስኮቶች ብቻ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ መልቲታስኪንግ ውስጥ ገብታችሁ ታስክ ባሩ የሁሉንም እንዲያሳይ ማድረግ ትችላላችሁ። ለጀማሪ ይህን እመክራለሁ። አልትና ታብን ግን እንዳለ ተዉት፣ ያኔ የያዛችሁት ሥራ ብቻ ይመጣላችኋል።

በአልትና ታብ ረጅም መንገድ መሄድም ልማድ ሆኗል። ታብን አሥር ጊዜ መደብደብ፣ ከዚያ አልፎ መሄድ፣ እንደገና መዞር። ሰልፉ የሚደረደረው በቅርብ በተጠቀማችሁበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ቦታው ሁሌ ይለዋወጣል። በሁለት መስኮቶች መሀል ለመመላለስ ይጠቅማል። ለሌላው ዋና ዋና ፕሮግራሞቻችሁን ታስክ ባሩ ላይ በቋሚ ቦታ ሰክታችሁ ዊንዶውስና ቁጥር ተጠቀሙ። የእኔ ዎርድ አንደኛ ነው፤ ዊንዶውስና 1 ይጠራዋል። ሁለት ሦስት ዎርድ ከተከፈተ ዊንዶውስን ሳትለቁ 1ን ደጋግሙት። በሳምንት ጊዜ ጣት ራሱ ያውቀዋል።

ጎን ለጎን መታየት ያለበትን ደግሞ አትቀያይሩ። ከሰንጠረዥ ቁጥር ስትገለብጡ እየሄዱ መምጣት ቁጥር ያሳስታል። ዊንዶውስና የግራ ቀስት አንዱን ወደ ግራ ግማሽ፣ የቀኝ ቀስት ሌላውን ወደ ቀኝ ግማሽ ያደርገዋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የቋንቋው ነገር ያናድዳል። ዎርድ ላይ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፋችሁ ወደ ክሮም ስትሻገሩ አድራሻው በፊደል ይወጣል። ስትመለሱ ደግሞ ዎርዱ ላይ በእንግሊዝኛ። የዊንዶውስን የራሱን አማርኛ ኪቦርድ ከተጠቀማችሁ መፍትሔ አለው። ሴቲንግስ፣ ታይምና ላንጉዌጅ፣ ታይፒንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ውስጥ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ኪቦርድ እንዲይዝ የሚያደርግ ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበት። ይህን ያሳየሁት ሰው ሁሉ አመስግኖኛል።

ማክ ያላችሁ፣ ዴስክቶፖቹ ቦታቸውን እየቀየሩ ካስቸገሯችሁ በቅርብ አጠቃቀም ራሱ እንዲደረድር የሚያዘውን ምርጫ አጥፉት።

አንዳንዱ ዴስክቶፕ ሲጨምር ኮምፒውተሩ የሚቀለው ይመስለዋል። አይቀልም፤ የተከፈተው ሁሉ ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ መያዙን ይቀጥላል። ዴስክቶፑን ብትዘጉትም መስኮቶቹ ወደ ጎረቤቱ ይዛወራሉ እንጂ አይዘጉም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፣ በተለይ እንደ እኛ የሰው ወረቀት ለምትይዙ። ሌላ ዴስክቶፕ መደበቂያ አይደለም። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ዊንዶውስና ታብ ቢነካ ሁሉም ይታያል። የደንበኛ መታወቂያ ወይም የባንክ ወረቀት ስካን ካደረጋችሁ፣ ሥራው እንዳለቀ መስኮቱን ራሱን ዝጉት።