የቀልድ ስም ስታወጡ እነዚህን ተጠንቀቁ

ለሰው የቀልድ ስም የሚያወጣ ሰው ከጓደኛሞች መሃል አይጠፋም። እሱ የቀረ ቀን ጨዋታው ራሱ ይቀዘቅዛል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ቅጽል ስምን ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጓደኛ ነው። አውጪው ስቆ ይረሳዋል፣ ተሸክሞት የሚዞረው ሌላ ሰው ነው። ስህተቶቹ ሁሉ የሚመጡት ይሄን ከመርሳት ይመስለኛል።

መልክ ላይ መንጠልጠል

ረጅሙን "ግንድ"፣ ወፍራሙን "በርሜል"። የሰነፍ ሥራ ነው። ሰውየው ቤቱ መስታወት አለው፣ አፍንጫው ትልቅ መሆኑን የሚነግረው አልቸገረውም። የብራዚሉ ኳስ ተጫዋች ጋሪንቻ እግሮቹ የተንጋደዱ መሆናቸው ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ለሰነፍ ስም አውጪ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ የለም። ዓለም ያወቀው ስሙ ግን ከእግሩ ጋር አይገናኝም። ልጅ ሳለ እህቱ በአንዲት ትንሽ ወፍ ስም ጠራችው፣ በዚያው ቀረ። ዋናው ስሙ ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ጥሩ ስም የሚገኘው ሰው ከሚያደርገው ነገር ነው። ገና ከአልጋው ሳይወርድ ስልክ አንስቶ "ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ" የሚለውን ልጅ "ደርሻለሁ" በሉት። "ባጭሩ ልንገራችሁ" ብላ ጀምራ ግማሽ ሰዓት የምታወራዋን ደግሞ "ባጭሩ" በሏት። ቢያንስ እነዚህ ሰዎች ስማቸው ካስጠላቸው ነገ በሰዓቱ መድረስ ወይም በእውነት ማሳጠር ይችላሉ፤ አፍንጫ ግን በሰዓቱ ስለደረሱ አያጥርም።

ከክፉ ቀን ስም መቅዳት

ፈተና የወደቀ፣ ፍቅረኛው የተወችው፣ ሰው ፊት ቆሞ የተንተባተበ። የዚያን ቀን ሁሉም ይስቃል፤ ቀኑ ያልፋል፣ ስሙ አያልፍም። አታድርጉት በቃ።

ሳቁን ማመን

በጣም የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው። "እሱ ራሱ እኮ ይስቃል" እንላለን። ይስቃላ! ከተቆጣ ስሙ እንደሚጣበቅበት ያውቃል። ፔሌን ውሰዱ። ቤተሰቦቹ በቶማስ ኤዲሰን ስም ኤድሰን ብለውት ነበር፣ እሱም ይኮራበት ነበር። ልጆች "ፔሌ" ሲሉት ከመጥላቱ የተነሳ የክፍል ጓደኛውን በቡጢ መትቶ ከትምህርት ቤት እስከ መታገድ ደርሷል። መቆጣቱ ስሙን ይበልጥ አጸናው። መጨረሻው ስላማረ ዛሬ ደስ የሚል ታሪክ ይመስለናል፤ የእናንተ ጓደኛ ግን ሦስት የዓለም ዋንጫ አንስቶ ስሙን አያስከብረውም።

እና ሳቁን ተዉትና ስሙን ሲጠቀምበት እዩ። ደውሎ "እኔ ነኝ፣ ደርሻለሁ" ካለ ወዶታል። በተጠራ ቁጥር ወሬ የሚቀይር፣ ስልኩን የሚነካካ፣ ቆይቶ "አቤት" የሚል ከሆነ ግን አልወደደውም፤ ጥርሱን ማየቱ ምንም አይነግራችሁም።

መልስ ለማይሰጥ ሰው ስም ማውጣት

አለቃ ለሠራተኛው፣ መምህር ለተማሪው ስም ሲያወጣ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፣ ግን ግማሹ የሚስቀው ስለፈራ ነው። ፉገራ የሚያምረው አጸፋውን መቅመስ የምትችሉበት ቦታ ላይ ነው። (ተማሪዎች በድብቅ ለመምህር የሚያወጡት ስምስ? እሱን ማንም አስቁሞት አያውቅም፤ አብዛኛውም ደግሞ እውነት ለመናገር የተዋጣለት ነው።)

ስሙን ይዞ በየቦታው መሄድ

እናንተ መሃል የሚያስቅ ስም በሥራ ቃለ መጠይቅ፣ በአማቾች ፊት ወይም ማንም በሚያየው ፎቶ ስር ሌላ ነገር ነው። እዚያ በትክክለኛ ስሙ ጥሩት። ልጆቹ ፊት ደግሞ አይሞከርም።

ጊዜ ያለፈበትን አለመተው

የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ስሙ ጋይዮስ ነበር። ሕፃን ሆኖ በአባቱ የጦር ሰፈር የወታደር ጫማ በልኩ ተሠርቶለት ሲያደርግ ያዩት ወታደሮች ናቸው "ትንሿ ጫማ" ያሉት። ሲነግሥ ይሄ ስም እንደ ስድብ ይቆጠርበት ጀመር፤ ግን ያ ሁሉ ሥልጣንና ጭካኔ አላስጣለለትም፣ ይኸው እኛም በዚያው እንጠራዋለን። ንጉሥ ካልቻለ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ "ማሙሽ" የተባለው የአርባ ዓመት ጓደኛችሁ በምን አቅሙ? ያወጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ መጀመሪያ መተው ያለባችሁም እናንተው ናችሁ።

ተዉ ሲባሉ መከራከር

"ቀልድ አይገባህም እንዴ?" የሚል መልስ የለም። "እሺ" ብሎ መተው ነው፣ ያለ ንግግር፣ ያለ ረጅም ይቅርታ። ከሁሉም የባሰው ግን "እሺ" ብለው ትተውለት፣ ስለተቆጣ በማግስቱ "ኩርፌ" ብለው የሚጠሩት ናቸው።