የምረቃ መቶኛን ከማመናችሁ በፊት ታሕቱን ጠይቁ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያማርጡ ወላጆች ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል። «ጋሼ፣ ይኼኛው 92 ከመቶ ያስመርቃል፣ ያኛው 78፤ የትኛው ይሻላል?» ደሴ ሒሳብ አስተምር ስለነበር መልሴ ያው ነው፤ ታሕቱ (የክፍልፋዩ የታች ቁጥር) ውስጥ እነማን አሉ?

በአራት ዓመት የጨረሱትን የሚለካው የምረቃ መቶኛ ስሌት እንዲህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አብረው የጀመሩትን ያዙ። በመሃል የመጡትን ደምሩ፤ ስለመዛወራቸው ወይም ከአገር ስለመውጣቸው የጽሑፍ ማስረጃ ያለላቸውንና በሞት የተለዩትን ቀንሱ። 100 ጀምረው 10 ቢወጡና 15 ቢገቡ ታሕቱ 105 ይሆናል፤ ከእነዚህ 84ቱ መደበኛ ዲፕሎማ ካገኙ 80 ከመቶ ነው። በአምስተኛው ዓመት የጨረሰ ላዕሉ (የላይኛው ቁጥር) ላይ አይገባም፤ በዲፕሎማ ፈንታ ጂኢዲ የተባለውን የአቻ ምስክር ወረቀት የወሰደም እንዲሁ። ያለ ማስረጃ አዲስ አበባ የተመለሰ ልጅ ደግሞ ታሕቱ ላይ ይቀራል። (ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ እባካችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።)

አሁን ሪፖርቱ ተማሪዎቹን በየረድፉ ወደሚከፍልባቸው ቡድኖች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባበቃው የትምህርት ዘመን የአገሪቱ አማካይ 87 ከመቶ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩት 71 ነበሩ። ወላጅ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ነገር ግን ቋንቋውን የቻለ ልጅ ከዚህ ቡድን ይወጣል፤ በ17 ዓመቱ አምና ከጎንደር የመጣው ይገባበታል። ፈጣኖቹ እየወጡለት የሚለካ ቡድን እንዴት ከፍ ይላል? ስለዚህ ቋንቋውን ችለው የወጡት የትኛው ረድፍ ላይ እንደተቆጠሩ ጠይቁ። «ጥቁር» የሚለው ረድፍማ ያንኑ የጎንደር ልጅና ቅድመ አያቱ እዚሁ ቨርጂኒያ የተወለዱትን ልጅ አንድ ላይ ይደምራል፤ እኔ ብዙም አልመረምረውም።

ቨርጂኒያ ሁለት የምረቃ ቁጥሮች አሏት። የግዛቷ ቁጥር አንዳንድ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚያገኙትን አፕላይድ ስተዲስ ዲፕሎማ ይቆጥራል፤ የፌዴራሉ አይቆጥርም። የአንዱን ትምህርት ቤት ከዚህ፣ የሌላውን ከዚያ ወስዶ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ቡድኑ 12 ልጆች ብቻ ከሆነ አንድ ልጅ መቶኛውን በ8 ነጥብ ያወዛውዘዋልና የሦስት ተከታታይ ዓመታት ተመራቂዎችን መቶኛ አብራችሁ እዩ።

በመጨረሻ የአራትና የአምስት ዓመቱን መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እንግሊዝኛ በሚማሩት ረድፍ የአምስት ዓመቱ በብዙ ከበለጠ፣ ትምህርት ቤቱ ዘግይተው የደረሱትን ይዞ ቆይቷል ማለት ነው። እኔ 78 ቢያስመዘግብም ልጄን የምልከው እዚያ ነው።